የማረቆ በርበሬና የኢስታንቡል ወንድማማቾች

አንድ ዳቦ ጋጋሪ ሁለት ወንዶች ልጆች አሉት። አንደኛው በመኪና ሰው ገጭቶ ሲገድል ሌላው «እኔ ነኝ» ብሎ ወንጀሉን ይሸከምና እስር ቤት ይገባል። ፍርዱን ጨርሶ ሲወጣ ወንድሙ ኑሮውን እያደላደለ ነው፤ ሁለቱም የሚወዷት ልጅ ደግሞ አንዲት ናት። ይህ ታሪክ ሲጻፍ ለኢስታንቡል ተመልካች ታስቦ ነበር። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም ሥራ ጀምሮ ይህን የቱርክ ድራማ፣ «ኩዚ ጉኒ»ን፣ በአማርኛ ድምፅ ሲያሰማ ግን ከአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም እስከ ገጠር ከተማ ሻይ ቤት ድረስ ሰው ተቀምጦ አየው። ኢስታንቡልን በካርታ ላይ እንኳ አይቶ የማያውቅ ሰው ለዳቦ ጋጋሪው ልጅ አዘነለት፣ ተቆጣለት፣ በማግስቱ ከጎረቤቱ ጋር ተከራከረለት።

ተመልካችን የሚይዘው ምን እንደሆነ ከቆሼ ሆኜ ማየት እፈልጋለሁ። ቆሼ ስል የአዲስ አበባውን የረጲ ቆሻሻ ማከማቻ ማለቴ አይደለም፤ ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን የማረቆ ከተማ ነው። የፊልም ሰዎቻችን «ተመልካቹ» ሲሉ በአብዛኛው የሚታያቸው የአዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ወረፋ ነው። በቆሼና በመሰሎቿ ከተሞች ያለው ተመልካች የሚያየው በሻይ ቤት፣ በቪዲዮ ቤት፣ በጎረቤት ሳሎን፣ አሁን አሁን ደግሞ በስልኩ ነው። ትኬት ስላልቆረጠ መነሳት አይከብደውም። ታሪኩ ካልያዘው የሻዩን ሒሳብ ከፍሎ ይወጣል፤ አለዚያም ጣቢያውን ወደ ኳስ ያስቀይራል። ለማንም ይሉኝታ የለውም፤ ስለዚህም ከእሱ የተሻለ ዳኛ አላውቅም።

ቃና ሲመጣ የአገር ውስጥ የጥበብ ሰዎች ተቃውሟቸውን አሰምተው ነበር። ባህል ይበረዛል፣ ማስታወቂያው ወደ ውጭ ሥራ ይሸሻል፣ የእኛ ባለሙያ እንጀራ ያጣል አሉ። የማስታወቂያው ስጋት እውነት ነበር። በሌላ አገር ገንዘብ ተሠርቶ ያለቀ ድራማ በድምፅ ቅጂ ወጪ ብቻ አየር ላይ ሲውል፣ ከባዶ ጀምሮ ከሚሠራው የአገር ውስጥ ድራማ ጋር ውድድሩ እኩል ሊሆን አይችልም። ያን ጊዜ ጮክ ተብሎ ያልተጠየቀ ጥያቄ ግን ነበር፤ ቱርኮቹ ምን ጻፉ? ቤታቸው ያምራል፣ ልብሳቸው ያምራል ተባለ። ቤትና ልብስ ሰውን ለሁለት ሳምንት ያስቀምጡት ይሆናል፤ ለወራት አያቆዩትም። ያቆየው ዕዳው ነው። አንደኛው ወንድም የሌላውን ወንጀል ተሸክሟል፤ ሌላው ይህን እያወቀ ይኖራል። ዕዳው መቼ ይከፈላል? አባትየው እውነቱን ሲሰማ ምን ይሆናል? ወንድም ለወንድሙ ዋስ በሚሆንበት፣ ዕቁብ ተበልቶ የቤተሰብ ስም በሚጠፋበት አገር ይህን ጥያቄ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም።

ተመልካችን የሚይዘው እንዲህ ያለ ነገር ነው። አንድ ሰው አንድ ነገር አጥብቆ ይፈልጋል፤ የሚከለክለው አለ፤ ለማግኘት ደግሞ የሚከፍለው አለ። ከፍሎም ሲያበቃ እንደ ፊተኛው ሰው አይሆንም። ካሜራው፣ መብራቱ፣ ሙዚቃው ይህን ሰው እንድናየው የሚረዱ መሣሪያዎች ናቸው። ሰውየው ከሌለ የሚያሳዩት ነገር የላቸውም።

በራሳችን ቤት የሆነውን እናስታውስ። «ሰው ለሰው» በኢቴቪ ሲተላለፍ አበበ ባልቻ የተጫወተውን አስናቀ አሸብርን ያልጠላ ተመልካች አልነበረም፤ ሳያየው ማደር የሚችልም ጥቂት ነበር። ተዋናዩን በመንገድ «አስናቀ» ብሎ የሚጠራው ሰው ብዙ ነው። ክፋቱ ብቻውን ይህን አላመጣም፤ ክፉ ሰው በየድራማው ሞልቷል። አስናቀ የሚፈልገውን ያውቃል፣ ያቅዳል፣ መንገዱ ሲዘጋበት ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ቀጥሎ ምን ያደርግ ይሆን ያሰኛል። በድራማዎቻችን ውስጥ ያሉት ደጋግ ሰዎች ግን በአመዛኙ የሚያለቅሱና የሚጠብቁ ናቸው። ብዙዎቹ ደራሲዎቻችን ለክፉው ፈቃድና ዕቅድ ይሰጡታል፤ ለደጉ የሚተርፈው እንባ ነው። ከዚያ በኋላ ተመልካቹ ልቡ ከደጉ ጋር ሆኖ ዓይኑ ከክፉው ጋር ቢውል ሊገርመን አይገባም። ይህ የሥነ ምግባር ጉድለት አይደለም፤ የአጻጻፍ ጉድለት ነው፤ ሊታረምም ይችላል።

ዲጂታል ካሜራ ከገባ ወዲህ የጎረፉት የአማርኛ የፍቅር ኮሜዲዎች ደግሞ ሌላ ሕመም አለባቸው። ሀብታም ልጅ፣ ድሃ ልጅ፣ ትልቅ ቪላ፣ የውሸት ማንነት፣ በመጨረሻ ሠርግ። ፊልሙን አይቶ የወጣውን ሰው ብትጠይቁት የተዋናዩን ስም ጠርቶ «አሳቀኝ» ይላችኋል። የገጸ ባሕርይውን ስም ጠይቁት፤ አያስታውሰውም። በአንጻሩ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሰው ጉዱ ካሳን፣ ፊታውራሪ መሸሻን፣ ሰብለ ወንጌልን እንደ ዘመዱ ይጠራቸዋል። የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ በ1958 ዓ.ም ታትሞ ሲወጣ ማንበብ የሚችለው ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነበር። እነዚያን ሰዎች ወደ ብዙኃኑ ቤት ያስገባቸው ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ያደረገው ትረካ ነው። ምስል የለም፣ አልባሳት የለም፣ የፈረስ ግልቢያ የለም፤ አንድ ሰው ማይክሮፎን ፊት ቆሞ ያነባል። አድማጩ ግን ጉዱ ካሳን በዓይኑ ያየው ያህል ያውቀዋል። ስለ ካሜራ ጥራት ማነስ በየመድረኩ ስንነጋገር ይህ ትረካ ትዝ ሊለን ይገባል።

ሬዲዮን ካነሳሁ አይቀር፣ በዚህ ጉዳይ ላይ በአገራችን ከተደረጉት ሥራዎች ሁሉ የበለጠ ያስተማረኝን ልንገራችሁ። ከግንቦት 1994 እስከ ኅዳር 1997 ዓ.ም «የቀን ቅኝት» የሚባል ተከታታይ ድራማ በአማርኛ ተላልፎ ነበር፤ በ257 ክፍል። ድራማው ዓላማ ነበረው፤ ስለ ኤችአይቪ፣ ስለ ቤተሰብ ምጣኔ፣ ስለ ሴቶች መብት ማስተማር። ያሠራው ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር የተባለው ድርጅት ነው። እንዲህ ያለ ድራማ ብዙውን ጊዜ ምን እንደሚመስል እናውቃለን፤ አንዱ ይሳሳታል፣ ሌላው ይመክረዋል፣ የጤና ባለሙያ መጥቶ ያብራራል። ይህኛው ግን አድማጮቹ በሺዎች የሚቆጠሩ ደብዳቤዎች ጻፉለት። ፍቅርተ ለምትባለው ገጸ ባሕርይ የተጨነቁት ለጎረቤታቸው ልጅ እንደሚጨነቁ ነበር።

ምሥጢሩ ከሜክሲኮ የመጣ ዘዴ ነው። ሚጌል ሳቢዶ የሚባል የቴሌቪዥን አዘጋጅ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ) ማኅበራዊ ዓላማ ያላቸውን ድራማዎች ሲሠራ ገጸ ባሕርያቱን በሦስት መደባቸው። አንዳንዶቹ መልካሙን መንገድ የያዙ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ተቃራኒውን። ታሪኩን የሚሸከሙት ግን ሦስተኛዎቹ፣ በመካከል ያሉት ወላዋዮች ናቸው። ዛሬ ወደዚህ ያዘነብላሉ፣ ነገ ወደዚያ። ይሳሳታሉ፣ ይጸጸታሉ፣ ዳግም ይሳሳታሉ። አድማጭ ራሱን የሚያየው በእነዚህ ውስጥ ነው፤ ምክንያቱም እኛም እንዲሁ ነን። ፍጹም የሆነ ሰው ሲመክረን እንሰማለን፤ ሲያበቃ እንረሳዋለን። እንደ እኛ የሚያመነታ ሰው ስህተቱን ሲከፍልበት ስናይ ግን ልባችን ይደነግጣል። ለመምከር የተነሳ ድራማ እንኳ ሊመክር የቻለው መጀመሪያ ሰው ፈጥሮ ከሆነ፣ ለማዝናናት የተነሳውማ እንዴት አብልጦ አያስፈልገው?

በእኛ ዘንድ ያለው ችግር ወላዋዩን ሰው መፍራታችን ይመስለኛል። አባት ሲጻፍ አስተዋይ ወይም ጨካኝ ይሆናል፤ እናት ታለቅሳለች፤ ከገጠር የመጣ ሰው ወይ የዋህ ነው ወይ መሳቂያ። የገጠሩ ሰው ነገር በተለይ ያንገበግበኛል። ከአዲስ አበባ ከ200 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ያለ ገበሬ ዋጋ ያሰላል፣ ከነጋዴ ጋር ይደራደራል፣ ልጁን ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፣ በሽምግልና ላይ ተቀምጦ ከባድ ነገር ይበይናል። በቴሌቪዥን ሲመጣ ግን ሊፍት ውስጥ ገብቶ የሚደነግጥ ሰው ይሆናል።

ከዚህ ያመለጡ ሥራዎች አሉን፤ የሚገርመው ዓለም ያወቃቸውም እነሱው መሆናቸው ነው። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» እ.ኤ.አ በ2015 በካን የፊልም ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ታሪኩ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይነገራል፤ እናቱ የሞተችበት ልጅ በዘመድ ቤት ሲኖር፣ የእናቱ ማስታወሻ የሆነችውን በግ አጎቱ ለመጪው በዓል እንድትታረድ ይፈልጋል። ልጁ ኤፍሬም ደግሞ ከወንድ ልጅ ከማይጠበቅ ሙያ ጋር የተፈጠረ ነው፤ ወጥ መሥራት ይችላል፤ ሳምቡሳ ጠብሶ እየሸጠ የመሄጃ ገንዘብ ያጠራቅማል። አጎትየው ክፉ ሰው አይደለም፤ ቤተሰብ አለበት፣ በዓል ደርሶበታል። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ስለዚህ በጓ በታየች ቁጥር ልብ ይሰቀላል።

«ድፍረት»ን እንይ። የዘረሰናይ ብርሃነ መሓሪ ፊልም እ.ኤ.አ በ2014 በሰንዳንስ የተመልካቾች ሽልማት አግኝቷል። ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን በጠመንጃ ትገድላለች፤ ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊ ጉዳይዋን ይዛ ትከራከራለች። ርዕሰ ጉዳዩ ጠለፋ ነው፤ በዚያ ላይ ስብከት መስበክ ቀላል ነበር። ፊልሙ ግን የአገር ሽማግሌዎችን በዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጦ እንዲናገሩ ጊዜ ይሰጣቸዋል። ባንስማማም ከየት እንደሚነሱ እንረዳለን። ሕግና ልማድ ሲጋጩ የምናየው በአዋጅ ቁጥር ሳይሆን በሰዎች ፊት ላይ ነው። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ደግሞ 14 ዓመት የፈጀ ሥራ ነው፤ እ.ኤ.አ በ2008 በቬኒስ ልዩ የዳኞች ሽልማት ከማግኘቱም በላይ ለስክሪፕቱ ተሸልሟል። አብዮቱን፣ ስደቱን፣ ጦርነቱን የምናየው በአንድ ሰው አካልና ትዝታ በኩል ነው፤ ከጀርመን ወደ መንደሩ አንድ እግሩን አጥቶ በተመለሰው በአንበርብር።

ከሁለት ሺህ ከሚበልጡ ዓመታት በፊት አርስቶትል ስለ ድራማ ሲጽፍ ሴራውን አስቀድሞ ገጸ ባሕርይን በሁለተኛ ደረጃ አስቀምጦ ነበር። ከዚያ ወዲህ የትኛው ይቀድማል የሚለው ክርክር አላባራም። እኔ ሁለቱን መለየት አልችልም። የሞገስ ታፈሰ ፊልም «ቁራኛዬ» ጥሩ ማስረጃ ነው። በጥንቱ ልማድ ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት ተቆራኝተው ወደ ችሎት ይሄዳሉ። ሰንሰለቱ ሴራ ነው፤ ሁለቱ ሰዎች ደግሞ መብላት፣ መተኛት፣ ወንዝ መሻገር አለባቸው። የሚጣላህ ሰው ሲደናቀፍ አብረህ ትወድቃለህ። እዚያ ላይ ታሪኩ የትኛው ነው፣ ሰውየውስ የትኛው? ከሌላ አገር ፊልም የተቀዳ ሳይሆን ከራሳችን የፍትሕ ታሪክ የወጣ መሆኑ ደግሞ ያኮራል።

ወደ ቆሼ ልመለስ። ማረቆ የበርበሬ አገር ነው፤ «ማረቆ ፋና» የሚባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚህ ምድር ነው። ክረምት ሲገባ ችግኙ ከመደብ ወደ ማሳ ይዛወራል፤ ክረምቱ ሲወጣ ዛላው እየቀላ ይለቀማል፤ ከዚያ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። በመካከሉ ሥር የሚያበሰብሰው በሽታ ማሳውን ሊያደርቀው ይችላል፤ ያልታሰበ ዝናብ የተሰጣውን ሊያበላሸው ይችላል። ደርቆ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ከገባ በኋላም ጭንቀቱ አያልቅም። አሁን ልሽጥ ወይስ ዋጋው እስኪወጣ ልጠብቅ?

አንዲት እናት እናስብ። ባሏ ሞቷል፤ በቤቷ ጥግ የዓመቱ በርበሬ ተከምሯል። እሷ ዋጋው እስኪጨምር መጠበቅ ትፈልጋለች፤ በዚያ ገንዘብ የሴት ልጇን ትምህርት ልታስጨርስ ነው። ታላቁ ልጇ ግን ዛሬውኑ እንዲሸጥ ይወተውታታል፤ ደቡብ አፍሪካ ሊወስደው ቃል የገባ ደላላ ቀን ቆርጦበታል። ወንድሟ ደግሞ ባለፈው ዓመት በእሷ ዋስትና የተበደረው ብድር አለ። ማንኛቸውም ክፉ አይደሉም። ከረጢቱ ግን አንድ ነው። በየማለዳው የገበያው ወሬ ይመጣል፤ ዋጋው ሲወጣ ልጁ ዝም ይላል፣ ሲወርድ እናትየው ዝም ትላለች። ይህን ለመቅረጽ ቪላ መከራየት አያስፈልግም። እ.ኤ.አ በ1948 ቪቶሪዮ ዴ ሲካ «የብስክሌት ሌቦች»ን ሲሠራ የያዘው ከዚህ አይበልጥም፤ ሥራ ያገኘ ድሃ አባት፣ ለሥራው የምታስፈልግ ብስክሌት፣ የተሰረቀችበት ቀን፣ አብሮት የሚፈልግ ትንሽ ልጅ። አባትየውን የተጫወተው የፋብሪካ ሠራተኛ እንጂ ተዋናይ አልነበረም። ፊልሙ እስከ ዛሬ ይታያል።

በዚህ በጉራጌ ምድር ዙሪያ ያለው ሀብት በበርበሬ ብቻ አያበቃም። በ19ኛው መቶ ዘመን የቃቄ ወርድወት የሰባት ቤት ጉራጌ ሽማግሌዎች በሚሰበሰቡበት የጆካ ፊት ቆማ ስለ ሴቶች የጋብቻ መብት ተሟግታለች። ባል ካልፈቀደ ሴት ፈትታ ሌላ ማግባት የማትችልበትን የአንቂት ልማድ ነበር የተጋፈጠችው። በብሔራዊ ቴአትር መድረክ ሙዚቃዊ ተውኔት ሆና ቀርባ ተመልካች ወዷታል። ፈቃድ፣ እንቅፋት፣ ዋጋ፤ ሁሉም በአንዲት ሴት ሕይወት ውስጥ ተሟልተው ተቀምጠዋል። የጉራጌው ተወላጅ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም እ.ኤ.አ በ1969 በእንግሊዝኛ ያሳተመው «አፈርሳታ» የተሰኘው ልቦለድም አለ፤ የአንድ ሰው ጎጆ ተቃጥሎ የአካባቢው ሰው ሁሉ ጥፋተኛውን ለማውጣት አውጫጭኝ ይቀመጣል። ማን አቃጠለው የሚለው ጥያቄ እያንዳንዱን ጎረቤት ወደ ራሱ እንዲመለከት ያስገድደዋል።

ይህን ልቦለድ የጠቀስኩት ለጌጥ አይደለም። ከ2011 ዓ.ም ወዲህ በመስቃንና በማረቆ መካከል ተደጋግሞ በተነሳው ግጭት ሰው ሞቷል፣ ሰው ተፈናቅሏል። በዜና የምንሰማው ሁለት የወል ስሞችን ነው። የወል ስም አይታዘንለትም፣ አያፍርም፣ ይቅር አይልም። እነዚህን የሚያደርገው አንድ ሰው ነው፤ ስም ያለው፣ ትናንት ከዚያኛው ወገን ሰው ጋር ገበያ የዋለ፣ ዛሬ በሩን የዘጋ። ድራማ ግጭት አያስታርቅም፤ ያ የሽማግሌና የመንግሥት ሥራ ነው። አንድን ጎረቤት ከወል ስሙ አውጥቶ በስሙ ማሳየት ግን የደራሲ ሥራ ነው፤ በዚህ ላይ ደራሲውን የሚተካው የለም።

ይህ ሁሉ ታሪክ እያለ ስክሪናችን ለምን ባዶ ሆነ? ዋናው ምክንያት ጽሑፉ የሚገባውን ገንዘብና ጊዜ አለማግኘቱ ነው። ፕሮዲውሰሩ በመጀመሪያ የሚያስበው ታዋቂ ተዋናይ ነው፤ ቀጥሎ ካሜራና ድሮን፤ ስክሪፕቱ በተረፈው ይጻፋል። በተከታታይ ድራማ ላይ ደግሞ ደራሲው ለሚቀጥለው ሳምንት ቀረጻ ዛሬ ሌሊት እየጻፈ ያድራል፤ ስፖንሰር ሲራዘም ታሪኩም አብሮ ይራዘማል። እንዲህ ሲሆን ገጸ ባሕርይው ትናንት ያለውን ዛሬ ይረሳል፤ የሞተው ይነሳል፤ መንታ ወንድም ይመጣል። የቆሼው ተመልካች ይህን ወዲያው ያውቃል፤ ተነስቶ ይሄዳል።

ስለዚህ ለጣቢያ ኃላፊዎችና ለፕሮዲውሰሮች የምለው ይህ ነው። ለድሮን የምትመድቡትን ገንዘብ በከፊል ለደራሲው ስጡት፤ ስድስት ወር ስጡት፤ የትራንስፖርቱን ከፍላችሁ ወደ ቆሼ፣ ወደ ቡታጅራ፣ ወደ ወልቂጤ ላኩት። የበርበሬ ገበያ ላይ ይቀመጥ፣ የሽምግልና ክርክር ይስማ፣ ሰው ምን እንደሚፈልግና ምን እንደሚፈራ ይጠይቅ። ቀረጻው ከዚያ በኋላ ይድረስ። የቆሼና የአካባቢዋ ወጣቶች ሆይ፣ በስልካችሁ መቅረጽ የምትችሉ፣ እናንተም የአዲስ አበባን ቪላ አትፈልጉ። የጎረቤታችሁን የበርበሬ ከረጢት ታሪክ ጻፉ፤ ጽፋችሁም ለእናቶቻችሁ አንብቡላቸው፤ እነሱ «ከዚያስ?» ብለው ከጠየቋችሁ መቅረጽ ጀምሩ።